በግራ እጁ እንደገና መጻፍ የተማረው ወታደር

እርሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛችሁበትን ቀን ታስታውሱታላችሁ? እጅ ይንቀጠቀጣል። ቀጥ ብላ መቆም ያለባት «ሀ» ጎንበስ ትላለች። ፊደሉ ሁሉ መስመሩን ትቶ አንዴ ሽቅብ ይወጣል፣ አንዴ ቁልቁል ይወርዳል። ሞፈር የጨበጠ፣ ወፍጮ የገፋ እጅ ይቺ ትንሽ እርሳስ ስትከብደው ሰው በራሱ ይገረማል። «ይህ እጅ የኔ አይደለም እንዴ?» ያሰኛል።

ዛሬ ታሪኩን የምናወጋችሁ ሰው ይህን ነገር ደኅና አድርጎ ያውቀው ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማረው በልጅነቱ ነው። ይሁን እንጂ በ20 ዓመቱ ቀኝ እጁን በጦር ሜዳ አጣ። ከዚያ ወዲያ እርሳሱን በግራ እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ልጅ ፊደል መጣል ጀመረ። እንዲህ ሲል ሲል ሕግ ተማረ። ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ሕዝብ መረጠውና ምክር ቤት ገባ። በምክር ቤት እንዳለም ሞተ።

ስሙ ዳንኤል ኢኖዌ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ የትውልድ ቦታው ሃዋይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምታነቡአቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕዳ ያሰደደው ቤተሰብ

ሃዋይ በታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ያሉትን ደሴቶች አስቡ። ከአሜሪካ ዋናው ምድር እስከ ሃዋይ ድረስ ግን ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር አለ። ሃዋይ ቀድሞ የራሷ ነገሥታት የነበሯት አገር ነበረች። በ1893 ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቅልላ ያዘች። የሰፋፊው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ከጃፓን፣ ከቻይናና ከፊሊፒንስ ጉልበት ያለውን ሰው እያስመጡ ያሠሩ ነበር።

የዳንኤል አያት አሳኪቺ ኢኖዌ የጃፓን ባላገር ነበሩ። አንድ ቀን ከቤተሰቡ ቤት እሳት ተነሣ። እሳቱ የጎረቤት ቤት ጭምር በላ። በአገሩ ደንብ ካሣ መክፈል የባለ እሳቱ ቤተሰብ ግዴታ ነበር። ካሣው 400 ዶላር ሆነ። ይህን ገንዘብ አንድ ባላገር ከመንደሩ ሳይወጣ ከየት ያመጣዋል? አሳኪቺ በ1899 ሚስታቸውንና ትንሽ ልጃቸውን ይዘው በመርከብ ወደ ሃዋይ ተሻገሩ። በሸንኮራ አገዳ እርሻ ተቀጠሩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነበር። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ረጅም ዘመን ወሰደ። ተከፍሎ ግን አለቀ።

ያ በመርከብ የመጣው ትንሽ ልጅ የዳንኤል አባት ሆነ። ዳንኤል በሆኖሉሉ ከተማ መስከረም 7 ቀን 1924 ተወለደ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ የድኻ ቤት ነው። ልጁ ግን ትምህርት ወደደ። ሐኪም፣ ያውም ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም እሆናለሁ ይል ነበር። ቀዶ ጥገና ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉት።

በአንድ ጧት ጠላት መባል

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 እሑድ ነበር። የጃፓን አውሮፕላኖች በሃዋይ ያለውን የፐርል ሃርበርን የጦር መርከቦች ወደብ በድንገት ደበደቡ። ከ2,400 የሚበልጡ አሜሪካውያን ሞቱ። ዳንኤል ያን ጊዜ የ17 ዓመት ተማሪ ነበር። የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ተምሮ ስለነበር ወደ ቀይ መስቀል ጣቢያ ሮጠ። ቁስለኛ ሲያነሣ፣ ደም ሲያብስ ዋለ፤ አደረም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ ይሆናል። አውሮፕላኖቹን የነዱት ሰዎች መልካቸው እንደ ዳንኤል መልክ ነው። ስማቸውም እንደ እሱ ስም ነው። ልጁ አሜሪካ ተወልዶ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የአሜሪካን ቁስለኛ እየረዳ ሳለ ሰው «ጃፓን» እያለ በጥርጣሬ ያየው ጀመር።

በዋናው የአሜሪካ ምድር የባሰ ነገር መጣ። የካቲት 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህ ትእዛዝ መነሻ 120,000 የሚያህሉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው፣ ከእርሻቸውና ከሱቃቸው ተነሥተው በሽቦ አጥር በተከበቡ ካምፖች ተዘጉ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ሽማግሌ፣ እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን ልጅ ሳይለይ ሁሉም ገባ። ከፍርድ ቤት ቀርቦ የተከሰሰ የለም። መስክሮ ያስፈረደበትም የለም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ዳኛ ፊት ቀርቤ ብረታ በቅሎዬን ባጣ ይሻለኛል፤ ያለ ዳኛ የተወሰደችብኝ ቁራሽ ግን ታንገበግበኛለች ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች የሄደባቸው ጭብጦ ብቻ አልነበረም። ቤትም፣ በቅሎም፣ ጭብጦም ያለ ፍርድ ሄደባቸው።

በሃዋይ የጃፓን ዝርያ ያለው ከሕዝቡ ከሦስት አንዱን ያህል ነበር። እሱን ሁሉ ቢያስሩ ማን ይሠራል? ስለዚህ በዚያ የታሰሩት ጥቂቶች ናቸው። ወጣቶቹ ግን ውትድርና ተከለከሉ። «የጠላት አገር ሰው» ተብለው ተመዘገቡ።

«ያለህን ሁሉ አስይዝ»

በ1943 መንግሥት ክልከላውን አነሣ። የጃፓን ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን የተውጣጣ 442ኛ ሬጅመንት የሚባል ጦር ሊያቋቁም ወሰነ። ከሃዋይ የተፈለገው 1,500 ሰው ነበር። ለመዝመት የመጣው ግን ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። ዳንኤል ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሕክምናን ትምህርት መንገድ ጀምሮ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ተመዘገበ።

የሚዘምትበት ቀን ሲደርስ አባቱ ሸኙት። ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። በመጨረሻ አባት ተናገሩ። ይህች አገር ለቤተሰባችን በጎ ውላለች፤ ውለታ አለብን፤ አገርህንም ቤተሰብህንም እንዳታሳፍር፤ መሞት ካለብህ በክብር ሙት አሉት። ካሣ ለመክፈል ባሕር የተሻገረ ሰው ልጅ ናቸውና ውለታ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

የ442ኛው ጦር መፈክር በቁማርተኞች ቋንቋ «ያለህን ሁሉ አስይዝ» የሚል ነበር። ጦሩም እንደ መፈክሩ ተዋጋ። በኢጣሊያ፣ ኋላም በፈረንሳይ ተዋጋ። በጥቅምት 1944 በፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ አንድ የአሜሪካ ሻለቃ ጦር በጀርመኖች ተከበበ። 442ኛው ጦር 211 ሰዎችን ከዚያ ከበባ አወጣ። እነሱን ለማዳን የሞተውና የቆሰለው ከዳነው በቁጥር ይበልጥ ነበር። ከጦሩ ወታደሮች አንዳንዶቹ ዘመዶቻቸው በሽቦ አጥር ውስጥ ታስረው ነበር። ይህን እያወቁ ነው የተዋጉት።

ዳንኤል በውጊያው ላይ እንዳለ የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ አገኘ። በደረት ኪሱ ሁለት የብር ዶላሮች ይይዝ ነበር። አንድ ጊዜ ጥይት መጥቶ እነዚያን ዶላሮች መታና እሱ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እንደ ክታብ ቆጠራቸው። በመጨረሻው ውጊያው ዋዜማ ግን ጠፉበት።

ሚያዝያ 21 ቀን 1945 በኢጣሊያ ሳን ቴሬንዞ በሚባል ቦታ አጠገብ ያለ ተራራ ለመያዝ ወጡ። ሦስት የጀርመን መትረየሶች መንገዱን ዘጉ። ምክትል መቶ አለቃ ኢኖዌ ቀድሞ ወጣ። ሆዱን በጥይት ተመታ። ቆስሎም የመጀመሪያውን መትረየስ በእጅ ቦምብ ጸጥ አደረገ። ሁለተኛውንም ደመሰሰ። ወደ ሦስተኛው በደረቱ ተሳበ። ቦምቡን ሊወረውር ቀኝ እጁን ሲያነሣ የጠላት ቦምብ ክርኑ ላይ መታው። ክንዱ ተቆርጦ ሊወድቅ ደረሰ። ሊፈነዳ የተዘጋጀው የራሱ ቦምብ ግን ያ በድን እጅ እንደጨበጠው ነው!

ወታደሮቹ ሊረዱት ሲሮጡ «አትቅረቡ!» ብሎ ጮኸ። በግራ እጁ የቀኝ እጁን ጣቶች ፈልቅቆ ቦምቡን አወጣ። ወደ መትረየሱ ወረወረው። መትረየሱ ጸጥ አለ። እግሩን ደግሞ ጥይት መታውና ወደቀ። ቀኝ ክንዱን ሐኪሞች በሜዳ ሆስፒታል ቆረጡት። በኢጣሊያ ያለው ጦርነት ከ11 ቀን በኋላ አበቃ።

የግራ እጅ ትምህርት

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እናንተ ይቀርባል።

ዳንኤል በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንዲት ነርስ ሲጃራ እንድትሰጠው ለመናት። ነርሷ የሲጃራውን ፓኮና ክብሪቱን አልጋው ላይ ጣለችለትና ሄደች። ዳንኤል ተናደደ። በአንድ እጅ ክብሪት እንዴት ይጫራል? ሞከረ፤ አልሆነለትም። ነርሷ ተመልሳ መጣች። አልጫረችለትም። በአንድ እጅ እንዴት እንደሚጫር አሳየችው። ሰው ሁሉ ዕድሜ ልክህን ሲጃራ ሊለኩስልህ አይችልም አለችው። ዳንኤል በኋላ ይህን ሲያስታውስ እንደገና ሰው መሆን የጀመርኩት ያን ቀን ነው ይል ነበር።

ብዙ ወራት በሆስፒታል ቆየ። ሚችጋን በሚባለው ግዛት ባለ ትልቅ የጦር ሆስፒታል እጃቸውን፣ እግራቸውን ያጡ ወታደሮች ኑሮን እንደ አዲስ ይማሩ ነበር። ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ ምግብ መቁረጥ፣ መኪና መንዳት ሁሉ ትምህርት ሆነ። ዳንኤል በግራ እጁ ፒያኖ መምታት ጭምር ተማረ። ከሁሉ በላይ መጻፍ ተማረ። ለዘመናት ፊደል ያልነካ እጅ ፊደል ሊጥል ነው። መጀመሪያ እንደ ዶሮ ጭረት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው ግን ጽሕፈቱ ቀና።

በዚያው ሆስፒታል ከካንሳስ የመጣ ሌላ ወታደር ነበር። ስሙ ቦብ ዶል ይባላል። እሱም በኢጣሊያ በዚያው ወር ቆስሎ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ሁለቱ ተግባቡ። ዳንኤል ወደፊት ምን ልታደርግ አስበሃል ብሎ ጠየቀው። ዶል ሕግ እማራለሁ፤ ከዚያ በአገሬ ዐቃቤ ሕግ እሆናለሁ፤ ከዚያ የክልሌ ምክር ቤት እገባለሁ፤ ከዚያ ዋሺንግተን እሄዳለሁ አለው። ዳንኤል ነገሩን በልቡ ያዘ። ሐኪም መሆን እንደማይችል አውቋል። በአንድ እጅ ቀዶ ጥገና አይሠራም። ሕግ ግን በአንድ እጅም ይሠራል።

ወደ አገሩ ሲመለስ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጠጉሩን ሊስተካከል አንድ ጠጉር አስተካካይ ቤት ገባ። የመኮንን ልብሱን ለብሷል። ኒሻኖቹ ደረቱ ላይ ናቸው። በቀኝ እጁ ፈንታ የብረት መንጠቆ አለ። ባለቤቱ መልኩን አየና እኛ ጃፓን አናስተካክልም ብሎ መለሰው። ዳንኤል የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሰባብረው ሰባብረው አለው። ግን ትቶ ወጣ። ጥያቄው ግን ከእሱ ጋር ቀረ። እጅን የሰጠ ሰው እንኳ እንዲህ ከተደረገ ምንስ ቢያደርግ ይሻላል?

ከወታደር ቤት ወደ ሕግ ቤት

አሜሪካ በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ መንግሥት ለወታደሩ የትምህርት ቤት ክፍያና መተዳደሪያ እንዲሰጥ ያዛል። በዚህ ሕግ 7.8 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ትምህርት ወይም ሙያ ተማሩ። ብዙዎቹ ያለዚያ ሕግ የዩኒቨርሲቲ በር የማያዩ የድኻ ልጆች ነበሩ። ዳንኤል ከጦሩ በሻምበልነት ማዕረግ በ1947 ከተሰናበተ በኋላ በዚህ ዕድል ተጠቀመ። ማርጋሬት አዋሙራ የምትባል መምህርት አገባ። በ1950 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨረሰ። በ1952 ዋሺንግተን ከሚገኘው የጆርጅ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ።

እስካሁን ልጅ ነበርና «እሱ» ስንለው መጣን። ከእንግዲህ ሕግ ዐዋቂ ሆነዋልና አንቱ እንበላቸው።

አቶ ዳንኤል ኢኖዌ ወደ ሆኖሉሉ ተመልሰው ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ዐቃቤ ሕግ ማለት ወንጀል ሲሠራ በሕዝብ ስም ቆሞ የሚከስ ሰው ነው። የሚከሰውን በማስረጃ መክሰስ አለበት። በወሬ መክሰስ አይችልም። ተከሳሹም መልስ የመስጠት መብት አለው። እነዚያ 120,000 ሰዎች ያጡት ይህንኑ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሃዋይ ውስጥ ጥቂት ትልልቅ የእርሻና የንግድ ኩባንያዎች ሀብቱንም አስተዳደሩንም ይዘው ነበር። ከጦርነት የተመለሱት የሠራተኛ ልጆች ግን አሁን ተምረዋል። ጠበቃና መምህር ሆነዋል። ጆን በርንስ ከሚባል የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ጋር ሆነው በዴሞክራት ፓርቲ ተደራጁ። በ1954 ምርጫ የሃዋይን ምክር ቤት አሸንፈው ያዙ። ዳንኤል ኢኖዌ ከተመረጡት አንዱ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

«ቀኝ እጅህን አንሣ»

ነሐሴ 21 ቀን 1959 ሃዋይ ሃምሳኛዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች። አዲሷ ግዛት ወደ ዋሺንግተን የምትልከው አንድ የሕዝብ እንደራሴ ነበር። ሕዝቡ ዳንኤል ኢኖዌን መረጠ። የጃፓን ዝርያ ያለው ሰው በአሜሪካ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበሩ።

አዲስ እንደራሴ ሥራ ሲጀምር ይምላል። እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ቀኝ እጁን ያነሣል። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ እንደ ወትሮው «ቀኝ እጅህን አንሣና ከኔ ጋር በል» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የተነሣው ግራ እጅ ነበር። በዚያ የነበረ አንድ የምክር ቤት አባል በኋላ ሲናገር፣ በሰው ልብ የነበረው የዘር ጥላቻ በዚያች ደቂቃ ከወለሉ ላይ ወድቆ የተሰበረ ይመስል ነበር ብሏል።

በ1962 ለላይኛው ምክር ቤት ለሴኔት ተመረጡ። በጥር 1963 ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ደጋግሞ መረጣቸው፤ ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሴኔት አልወጡም።

በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከምርጫ ጋር የተያያዘ ወንጀል ሸሽገዋል ተብሎ ሴኔቱ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከሰባቱ መርማሪዎች አንዱ ሴናተር ኢኖዌ ነበሩ። ምርመራውን ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። የአንዱ ባለሥልጣን ጠበቃ በንዴት ሴናተሩን በዘራቸው ሰደባቸው። ሴናተሩ በስድብ አልመለሱም። ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ኒክሰን በነሐሴ 1974 ሥልጣን ለቀቁ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱንም ይይዛል ማለት ነው። በ1976 ሴኔቱ የስለላ ድርጅቶችን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሰብሳቢ ኢኖዌ ሆኑ። በ1987 ደግሞ መንግሥት በስውር ለኢራን መሣሪያ ስለሸጠበትና ገንዘቡን ለኒካራጓ አማፅያን ስላስተላለፈበት ጉዳይ የሚመረምረውን የሴኔት ኮሚቴ መሩ።

የቆየ ዕዳ

ያለ ፍርድ የታሰሩት ሰዎች ነገርስ? ከጦርነቱ በኋላ ከካምፕ ወጥተዋል። ብዙዎቹ ግን የተመለሱት ወደ ባዶ ቤት ነው። ብዙዎቹም ኀፍረት ይዟቸው ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። 30 ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ልጆቻቸው ካሣ ይሰጠን ብለው ተነሡ። ሴናተር ኢኖዌ እንደ ሕግ ዐዋቂ መከሯቸው። ገንዘቡን ዛሬ ብንጠይቅ ብዙው የአሜሪካ ሕዝብ ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ስለዚህ አስቀድሞ አጣሪ ኮሚሽን ይቋቋም፤ ሕዝቡ ይስማ አሉ። አንዳንዶቹ ነገሩ ይጓተታል ብለው ተቆጡ። ቢሆንም ምክሩ ተወሰደ። ኮሚሽኑ በ1980 በሕግ ተቋቋመ። ከ750 በላይ ምስክሮች ሰማ። አርባ ዓመት ዝም ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይ ቆመው ተናገሩ። ኮሚሽኑ እስራቱ የመጣው ከዘር ጥላቻ፣ ከጦርነት ድንጋጤና ከመሪዎች ድክመት ነው ብሎ ፈረደ።

ነሐሴ 10 ቀን 1988 ሕጉ ወጣ። ፕሬዚዳንት ሬገን ፈረሙት። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። በሕይወት ላለ ለያንዳንዱ ታሳሪ 20,000 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ነገር ግን ሕግ ቢወጣም ገንዘቡ አልተመደበም ነበር። ባለካሣዎቹ እያረጁ ይሞቱ ነበር። በ1989 ሴናተር ኢኖዌ ክፍያው በየዓመቱ በጀት ልመና ሳይሆን ግዴታ እንዲሆን ተሟግተው አስወሰኑ። በጥቅምት 1990 መከፈል ተጀመረ። ከ80,000 በላይ ሰዎች ካሣቸውን ተቀበሉ።

አያትየው በአንድ ቤት እሳት ሳቢያ ባሕር ተሻግረው ካሣ ከፈሉ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ መንግሥት ላቃጠለው ቤት መንግሥት ካሣ እንዲከፍል አደረጉ።

በዚህ ብቻ አልቆሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጎን የተዋጉ ፊሊፒናውያን ወታደሮች የተገባላቸው መብት በ1946 ተሽሮባቸው ነበር። ኢኖዌ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩላቸው። በ2009 በወጣ ሕግ የአሜሪካ ዜጋ ለሆነው 15,000 ዶላር፣ ላልሆነው 9,000 ዶላር እንዲሰጥ ተደረገ። ብዙው ሽማግሌ ግን ያን ቀን ሳያይ አልፏል። የዘገየ ፍርድ የሚያጎድለው እንዲህ ነው።

ሰው ናቸውና ሁሉ ነገራቸው አልተመሰገነም። ለግዛታቸው ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ በመውሰዳቸው የነቀፏቸው ነበሩ። በ1964 ወደ ቬትናም ጦርነት የሚወስደውን ውሳኔ እንደ ሌሎቹ ሴናተሮች ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። በ2002 ኢራቅን ለመውጋት ድምፅ ሲሰጥ ግን ከተቃወሙት 23 ሴናተሮች አንዱ ነበሩ። ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ከጎናቸው የተንጠለጠለው ባዶ እጅጌ ይነግራቸው ነበር።

የሁለት ወታደሮች ስንብት

ቀደም ሲል የተሰጣቸው ኒሻን በማዕረግ ሁለተኛው ነበር። የእስያ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በዘራቸው ምክንያት ከሚገባቸው ያነሰ እንደተሰጣቸው ጥርጣሬ ነበርና ፋይላቸው እንደገና ተመረመረ። ሰኔ 21 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለ22 ወታደሮች የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ኒሻን ሰጡ። ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። ኢኖዌ ግን በ75 ዓመታቸው ቆመው ተቀበሉ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 2012 በ88 ዓመታቸው ሴናተር እንደሆኑ አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው «አሎሃ» የሚል ነበር። አሎሃ በሃዋይ ቋንቋ ሰላምታም፣ ፍቅርም፣ ደኅና ሁኑም ማለት ነው። በ2017 የሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተጠራ።

አስከሬናቸው በዋሺንግተን የምክር ቤት አዳራሽ ባረፈ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ያ የሆስፒታል ወዳጃቸው ቦብ ዶል ናቸው። ዶልም እንዳሰቡት ሕግ ተምረው ሴናተር ሆነዋል። ከሌላው ፓርቲ ነበሩ። በምክር ቤት ስንት ጊዜ ተከራክረዋል። ኢኖዌ በሕይወት ሳሉ የዶልን ዕቅድ ሰርቄ እኔ ቀድሜ ገባሁ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዶል ያን ቀን 89 ዓመታቸው ነበር። ዳንኤል በወንበር ላይ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም አሉ። ሰው ደግፏቸው ከወንበሩ ተነሡ። በእግራቸው ወደ ሬሳ ሳጥኑ ሄዱ። ቀኝ እጃቸው ስለማይታዘዝ በግራ እጃቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እርሳሱ ሲከብድህ፣ ፊደሉ ሲንሻፈፍብሽ፣ ያን በሆስፒታል አልጋ ላይ የተቀመጠ የ20 ዓመት ወጣት አስቡት። የመጀመሪያው ቀን ጽሕፈቱ ከናንተ ጽሕፈት አያምርም ነበር። በዚያው እጅ ግን ሕግ ተጻፈ።

በቡድን ለመወያየት

1. የዳንኤል አያት ባሕር የተሻገሩት ስለምን ነበር?
2. ነርሷ ክብሪቱን ያልጫረችለት ክፋት ነው ወይስ ደግነት? ለምን?
3. «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረት በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ላይ ይገባል?
4. ሴናተር ኢኖዌ ከካሣው በፊት አጣሪ ኮሚሽን ይቋቋም ያሉት ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሩ ነበር?
5. በማትጽፉበት እጅ ስማችሁን አንድ ጊዜ ጻፉ። ምን ተሰማችሁ?